የዌብ ፕሮግራሚንግ መጽሐፍ የትኛው ይሻላል፣ ከየቱስ ይጀመራል? ድሬ ላይ ሆኖ ራሱን ለሚያስተምር

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ የምሰራበት ሱቅ መጥቶ ስልኩን አሳየኝ፣ ከቴሌግራም ያወረደው የፒዲኤፍ ፎልደር አለው። ስንት መጽሐፍ ነው አልኩት፣ 63። ስንቱን አነበብክ? ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምክንያቱም የኔም ስልክ ድሮ እንደዛው ነበር። አቦ የመጽሐፍ እጥረት የለብንም፣ ያቃተን የቱን ይዘን የቱን እንደምንተው ነው፣ ተራውም ጭምር። ስለዚህ የተጠቀምኩባቸውን፣ ጀምሬ የተውኳቸውንና ለሰው ሰጥቼ ሲያነባቸው ያየሁትን እያወዳደርኩ ልጻፍላችሁ። እኔ ከዚራ ሰፈር አንዲት ኮምፒውተር ቤት ነው የምሰራው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርኩም፣ ዌብሳይት ሰርቼ ብር መቀበል የጀመርኩት ራሴን አስተምሬ ነው፣ መሃል ላይ ያባከንኩት ጊዜ ግን አይወራ።

ሽፋኑን ሳይሆን ዓመቱን እዩ

መጽሐፍ ስታወርዱ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት ፈልጉ። አንድ ጓደኛዬ 2014 የሚል አይቶ "ይሄማ ገና ትናንት የወጣ ነው" ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ይዞት ተቀምጧል፣ ለካ በኛ አቆጣጠር አስቦት ነው! በነሱ 2014 ማለት በኛ 2006 ምናምን ነው እኮ። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እናንተም እንደዛ አንብቧቸው።

ዓመቱ ለምን ያን ያህል ይከብዳል ካላችሁ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ቋንቋ፣ 2015 ላይ ትልቅ ለውጥ አድርጓል፣ ኢኤስ 6 የሚባለው፣ ሌትና ኮንስት፣ አሮው ፈንክሽን፣ ፕሮሚስ ሁሉ የመጡት ያኔ ነው። ከዛ በፊት የታተመ መጽሐፍ ሁሉን ነገር ቫር በሚባለው የድሮ ቃል ነው የሚጽፈው። ኮዱ ዛሬም ይሰራል፣ ብሮውዘር የድሮ ኮድ አውጥቶ አይጥልም፣ ግን ዛሬ ሰው የሚጽፈውን ኮድ ስትከፍቱ ሌላ ቋንቋ ይመስላችኋል። የገጹን መልክ የሚያሳምረው ሲኤስኤስም እንዲሁ፣ ገጽ ማደራጃው ግሪድ ትልልቆቹ ብሮውዘሮች ውስጥ የገባው 2017 ላይ ነው፣ ፍሌክስቦክስ ትንሽ ይቀድመዋል፣ ከነሱ በፊት የተጻፈ መጽሐፍ ገጹን የሚያደራጀው በፍሎት፣ ሳጥኖችን ወደ ጎን በሚያስጠጋው የድሮ ዘዴ፣ ነው። ፍሎትን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አንዱን ሳጥን ስትነኩት ሌላው ሳጥን ይወድቃል።

እኔ ራሴ ከፍዬ የገባሁበት አንድ ማሰልጠኛ፣ ስሙ ይቅር፣ ሦስት ወር ሙሉ ፎንት ታግና ማርኪ አስተምሮኛል (ታግ ማለት ገጹ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በኤችቲኤምኤል፣ ውስጥ ያለ ምልክት ነው)። ማርኪ ማለት ጽሁፉን ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ሱቅ መብራት የሚያሯሩጠው ታግ ነው። ሁለቱም ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው፣ ኤችቲኤምኤል 5 ጥሏቸዋል፣ እኔ ግን ሰርተፍኬቴ ላይ "በጣም ጥሩ" ተብዬባቸዋለሁ።

መጽሐፍ፣ ቪዲዮ ወይስ ኦንላይን ኮርስ

ይሄን ክርክር በፓኬጅ ነው የምፈታው። ኔት ከድሮው በጣም ተሽሏል፣ ሳፋሪኮም እንኳን 2022 ላይ ስራ ሲጀምር ከድሬ ነው የጀመረው፣ አማራጭ አለን፣ ግን ፓኬጅ ያው ፓኬጅ ነው ያልቃል። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል፣ ሙሉ መጽሐፍ ግን ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ አንዴ ካወረዳችሁት መብራት ቢጠፋም በስልክ ታነቡታላችሁ። ቪዲዮ ሌላም ችግር አለው፣ ሰውየው ሲጽፍ እያያችሁ የገባችሁ ይመስላችኋል፣ ባዶ ፋይል ስትከፍቱ እጃችሁ ይደርቃል። ለኔ ቪዲዮ አንድ ነገር አልገባኝ ሲል ፈልጌ ለ10 ደቂቃ የማየው ነው፣ ዋና መማሪያዬ አይደለም።

ከኦንላይን ኮርሶቹ ሰው የሚጠይቀኝ ሁለቱን ነው። ፍሪኮድካምፕ ከ2014 ጀምሮ ያለ፣ ነጻ፣ ብሮውዘር ላይ እዛው እየጻፋችሁ የምትማሩበት ነው፣ ምንም ኢንስታል አይፈልግም። ጥሩነቱ ያ ነው፣ መጥፎነቱም ያው ነው፣ አንድ አንድ መስመር እያስሞላችሁ ስለሚወስዳችሁ ደረጃው ሲያልቅ ብቻችሁን መራመድ ያስቸግራል፣ ኔት ከሌለ ደግሞ የለም። ኦዲን ፕሮጀክት በተቃራኒው ነው፣ እሱም ነጻ ነው፣ ግን እጃችሁን ይዞ አይወስዳችሁም፣ ይሄን አንብቡና ይሄን ስሩ ይላችኋል። ለእውነተኛ ስራ የሚያዘጋጀው ይሄኛው ነው። ግን መጀመሪያው ላይ ሊኑክስ፣ ማክ ወይ ዊንዶውስ ውስጥ የሚገባውን የሊኑክስ ሲስተም ይጠይቃል፣ 4 ጊጋ ራም ያላት ያረጀች ላፕቶፕ ይዛችሁ በግንቦት ሙቀት ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር) ልትከፍቱ ስትሞክሩ ፋኗ እንደ ባጃጅ ነው የምትጮኸው። እንደዛ አይነት ላፕቶፕ ካላችሁ ሊኑክስን ዋናው ሲስተም አድርጋችሁ ጫኑት፣ ወይ ኦዲንን ለኋላ አቆዩት።

የመንግስት የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ኮርስም አለ፣ 2024 ላይ የተጀመረው። ነጻ ነው፣ ሰርተፍኬት አለው፣ እንደ መግቢያ ውሰዱት፣ ከዛ በኋላ ግን መጽሐፍ ያስፈልጋችኋል።

ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ

እዚህ ላይ ብዙ አትቆዩ። ኤችቲኤምኤል አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ አስር ቀን። ሁሉንም ታግ በቃል ልያዝ ብሎ ወር የሚፈጅ ሰው አውቃለሁ፣ አያስፈልግም፣ ስትሰሩበት ይያዛል።

ሁሉም ሰው የሚጠራው የጆን ዳኬት መጽሐፍ ነው፣ ባለ ቀለሙ። ለጀማሪ አቀራረቡን የሚያክለው የለም፣ አንድ ገጽ ላይ ትንሽ ጽሁፍ፣ ትልቅ ሥዕል፣ እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው እንኳን ሥዕሉን እያየ ይሄዳል። ግን የ2011 መጽሐፍ ነው፣ ፍሌክስቦክስም ግሪድም የለበትም። ሌላው፣ እኛ ጋ ሰው ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ስፓይራል አሲዞ ነው የሚያነበው፣ በጥቁርና ነጭ ማለት ነው፣ የመጽሐፉ ጉልበት ደግሞ ቀለሙ ነው፣ ኮዱን በቀለም ለይቶ ነው የሚያስረዳው። ጥቁርና ነጭ ኮፒ ከሆነ ሙሉውን ከፍላችሁ ግማሹን ጣላችሁ ማለት ነው፣ በስልክ አንብቡት ይሻላል።

የኔ ምክር፣ የኤችቲኤምኤሉን ክፍል ከዳኬት አንብቡ፣ ሲኤስኤሱን ቀለምና ፎንት ድረስ አንብቡና የገጽ አደረጃጀት ምዕራፉ ላይ ስትደርሱ ዝጉት። ከዛ ወደ ኤምዲኤን ተሻገሩ። ኤምዲኤን ፋየርፎክስን የሚሰራው የሞዚላ ማጣቀሻ ሳይት ነው፣ ከ2005 ጀምሮ አለ፣ የጀማሪዎች ክፍሉ ፍሌክስቦክስንና ግሪድን በደንብ ያስተምራል፣ እንግሊዝኛው ግን ትንሽ ቢሮ ቢሮ ይላል። ደብልዩ ስሪ ስኩልስ ደግሞ አጭርና ቀላል ነው፣ እዛው እየነካካችሁ ትሞክራላችሁ፣ ስሙ ግን እንዳያታልላችሁ፣ የዌብን ስታንዳርድ የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ የሚባለው ድርጅት አይደለም፣ ዝምድናም የላቸውም። "ይሄ ታግ ምን ነበር" ለማለት ደብልዩ ስሪ ይበቃል፣ "ለምን እንደዚህ ሆነ" ለማለት ኤምዲኤን።

ኔት ለሌለበት ቀን ዴቭዶክስ የሚባለውን ሳይት ክፈቱ፣ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕትን መርጣችሁ ኦፍላይን አድርጉ በሉት፣ ብሮውዘራችሁ ውስጥ ይቀመጣል። ኔት ባላችሁ ሌሊት ይሄን ካደረጋችሁ ቀኑን ሙሉ ማጣቀሻ አላችሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ በስህተት የተማርኳቸው ናቸው። የመጀመሪያዋን ገጽ የሰራሁት ለአክስቴ ልጅ ነው፣ ታይዋን ገበያ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። በዳኬት መሰረት ሰራሁ፣ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሙሽራ ነው የምታምረው፣ ስልኩ ላይ ሲከፍታት ጽሁፉ ጉንዳን አከለ። "አንተ፣ ይሄን በአጉሊ መነጽር ነው የማነበው?" አለኝ። ቪውፖርት የምትባል አንዲት መስመር "ሄድ" በሚባለው የገጹ መግቢያ ክፍል ውስጥ ጎድላ ነው፣ ስልኩ ገጹን እንደ ኮምፒውተር ገጽ አይቶ አሳንሶት ነው። የሱ ደንበኞች በሙሉ በስልክ ነው የሚያዩት፣ የናንተም እንደዛው ነው፣ ስለዚህ መጽሐፍ ስትመርጡ ቪውፖርትና ሚዲያ ኩዌሪ (ገጹን እንደ ስክሪኑ ስፋት የሚያስተካክለው) የሚሉ ቃላት ውስጡ መኖራቸውን ፈልጉ፣ ከሌሉ ለኛ ሰፈር የሚሆን መጽሐፍ አይደለም።

ሁለተኛው አማርኛችን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደሎች መዝገብ ውስጥ የገባው 1999 ላይ ነው፣ ስለዚህ ብሮውዘሩ ችግር የለበትም፣ ግን ገጹ ፊደሎቹን የሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ 8 መሆኑን ካልነገራችሁት ሀ ሁ ብላችሁ የጻፋችሁት እንግዳ ምልክት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የእንግሊዝኛ መጽሐፎቹ ይሄን መስመር ይጽፏታል፣ ለምን እንደምታስፈልግ ግን ብዙም አያብራሩም፣ ለነሱ ያለሷም ይነበባላቸዋላ። ፎንት ደግሞ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነጻ ነው፣ እሱን ተጠቀሙ።

ጃቫስክሪፕት፣ ዋናው ትግል

ከጊዜያችሁ ከግማሽ በላይ እዚህ ነው የሚሄደው፣ ይሂድም። መጽሐፎቹን ለማወዳደር አንዲት ስህተት ይዤ ልሂድ። ለዛው ለአክስቴ ልጅ የዴሊቨሪ ሂሳብ ሰራሁለት፣ ደንበኛው የዕቃውን ዋጋ ይሞላል፣ የባጃጁን ይሞላል፣ ድምሩን ያያል። 450 ሞላ፣ 50 ሞላ፣ ድምር፣ 45050 ብር። የአክስቴ ልጅ "በዚህ ዋጋ ከሆነማ ባጃጁንም አብሬ ነው የምሰጠው" ብሎ ሱቅ ሙሉ ሰው አሳቀብኝ። የሆነው ምንድነው፣ ሰው ሳጥን ውስጥ የሚሞላው ነገር ቁጥር ቢመስልም ለጃቫስክሪፕት ጽሁፍ ነው፣ የመደመር ምልክት ደግሞ አንዱ ወገን ጽሁፍ ከሆነ አይደምርም፣ ያጣብቃል። የሚገርመው መቀነስ ብትሉት በትክክል ይቀንሳል፣ 400 ይላችኋል። ናምበር በሚለው ትዕዛዝ ወደ ቁጥር ቀይራችሁ ነው መደመር ያለባችሁ።

አሁን ይሄን ነገር የትኛው መጽሐፍ እንዴት ያስረዳል?

የዳኬት የጃቫስክሪፕት መጽሐፍ፣ እሱ ነው የ2014ቱ፣ ጓደኛዬን ያሳሳተው። አሁንም ሥዕሉ ቆንጆ ነው፣ ግን ኢኤስ 6 ሳይመጣ የወጣ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ጄኩዌሪ ነው። ጄኩዌሪ ጃቫስክሪፕት መጻፍን የሚያቀል ተዘጋጅቶ የመጣ ኮድ ነው፣ የ2006 ነገር ነው፣ በጊዜው ነፍስ አዳኝ ነበር፣ ዛሬ የድሮ ሳይት ለመጠገን ካልሆነ እሱን ይዞ የሚጀምር የለም። ይሄኛውን አትውሰዱ፣ የመጀመሪያውን ስለወደዳችሁት ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ኤሎኩዌንት ጃቫስክሪፕት፣ የማሪይን ሃቨርቤከ። ኦንላይን ላይ በነጻ ነው፣ ፒዲኤፉም በነጻ ይወርዳል፣ ስርቆት የለበትም። አራተኛው እትም 2024 ላይ ወጥቷል፣ ሶስተኛው የ2018 ነው፣ ከሁለተኛው ራቁ፣ እሱ የ2014 ነው። የኔ 45050 ገና ምዕራፍ 1 ላይ ነው ያለው፣ ጽሁፍ የሆነ 5 ሲደመር 1 ለምን 51 እንደሚሆን፣ ሲቀነስ ለምን 4 እንደሚሆን ቁጭ አድርጎታል፣ አንብቤው ነበር እኮ፣ አልፌው ነው የሄድኩት! መጽሐፉ ጎበዝ ነው፣ ግን እንግሊዝኛው የደራሲ እንግሊዝኛ ነው፣ ዳገቱም ድንገት ነው የሚመጣው። ምዕራፍ 4 ላይ ወደ ሽኮኮ የሚቀየር ሰውዬ ታሪክ አለ፣ ምን ሲበላ እንደሚቀየር በስታትስቲክስ ፎርሙላ ያሰላሉ። እኔ እዛ ላይ ሦስት ሳምንት ቆሜያለሁ፣ ጃቫስክሪፕቱ ይሁን ሂሳቡ ይሁን ያልገባኝ እንኳን አላውቅም ነበር። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚዘጋው እዛ ነው። እዛ ስትደርሱ ፎርሙላውን ዝለሉት፣ ኦብጀክትና አሬይ (ዳታ በአንድ ላይ የሚቀመጥባቸው) የሚለውን ብቻ ያዙ፣ ቀጥሉ።

ጃቫስክሪፕት ነጥብ ኢንፎ፣ የኢሊያ ካንቶር። ይሄ ሳይት ነው ግን እንደ መጽሐፍ በምዕራፍ የተደራጀ ነው፣ እንግሊዝኛው አጭር አጭር፣ አንድ ነገር አስረድቶ ወዲያው መልመጃ ይሰጣል፣ መልሱም እዛው አለ። 45050ን ራሱን በቻለ ትምህርት ስለ ዓይነት መቀያየር ብሎ ያስተምረዋል። ኦንላይን ነጻ ነው፣ ፒዲኤፉ ግን በክፍያ ነው፣ የውጭ ካርድ ለሌለን ሰዎች ያው አስቸጋሪ ነው፣ ኔት ባለበት ገጾቹን ሴቭ እያደረጋችሁ ተጠቀሙ። ለብቻው ለሚማር ሰው አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይሄንን ነው የምመርጠው።

ጃቫስክሪፕት ዘ ዴፊኒቲቭ ጋይድ፣ የዴቪድ ፍላናጋን፣ ሽፋኑ ላይ አውራሪስ ያለበት። መጀመሪያ የወጣው 1996 ነው፣ ሰባተኛው እትም 2020፣ ወደ 700 ገጽ። ሁሉ ነገር በቦታው አለ፣ የዓይነት ጉዳይ ምዕራፍ 3 ላይ በሰንጠረዥ ተደርድሯል። ከፊት ወደ ኋላ ለማንበብ ግን እንቅልፍ ነው። ሌላ ቋንቋ የሚችል ሰው፣ ጃቫ ወይ ፓይተን ግቢ የተማረ፣ ከዚህ ቢጀምር አይጎዳም።

ዩ ዶንት ኖው ጄኤስ፣ የካይል ሲምፕሰን፣ ስድስት ትንንሽ መጽሐፎች ናቸው፣ ኮድ የሚቀመጥበት ሳይት ጊትሃብ ላይ በነጻ ይነበባሉ። የመጀመሪያው እትም 2014 እና 2015 ነው፣ ሁለተኛው ከ2020 ጀምሮ ነው የወጣው። ለጀማሪ አይደለም፣ ስድስት ወር ከሰራችሁ በኋላ ግን "ለካ እንደዚህ ነው" የምትሉበት ነው፣ ስለ ዓይነትና ስለ ቋንቋው ሰዋሰው አንድ ሙሉ መጽሐፍ አለው።

በድሬ ቋንቋ ልንገራችሁ፣ ፍላናጋን ከዚራ ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ የትኛውም ቤት ጋ በአድራሻ ትደርሳላችሁ፣ ግን ማንንም አትተዋወቁም። ኤሎኩዌንት መጋላ ነው፣ ሁለት ሦስቴ ትጠፋላችሁ፣ ከወጣችሁ በኋላ ግን ሰፈሩን የምር ታውቁታላችሁ። ኢንፎው ደግሞ ቤቱ ድረስ የሚያደርሳችሁ ባጃጅ ነው።

ስለዚህ ኢንፎውን ዋና፣ ኤሎኩዌንትን ኔት ለሌለበት ሰዓት፣ በቃ። ሦስተኛ አትጨምሩ። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ከተማው ሲተኛ አንብቡ፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ጻፉ። በርጫ ላይ የተጻፈ ኮድ ማታ ተአምር ይመስላል፣ ጠዋት ስታዩት ግን የማን እንደሆነ አታውቁትም፣ እሱን ከልምድ ነው የምነግራችሁ።

ተራው ላይ የሚነሱ ክርክሮች

ፓይተን ይቅደም የሚል አለ። ፓይተን ቀላል ነው እውነት ነው፣ ግን ዌብ ለመስራት ከሆነ የመጣችሁት ብሮውዘር የሚያውቀው ጃቫስክሪፕትን ነው፣ ውጤቱን ደግሞ ወዲያው ስክሪን ላይ ታያላችሁ፣ ሞራል ይሰጣል።

ሪአክት (በጃቫስክሪፕት የተሰራ የገጽ መገንቢያ) ቶሎ ልጀምር የሚለው ነው የባሰው። ማስታወቂያው ሁሉ ሪአክት ስለሚል ሰው ጃቫስክሪፕትን ሁለት ሳምንት አይቶ ይዘላል። መመርመሪያዬ ይሄ ነው፣ ያቺን የዴሊቨሪ ሂሳብ መጽሐፍ ሳታዩ፣ ባዶ ፋይል ከፍታችሁ፣ ሰው ፊደል ቢሞላ "ቁጥር አስገባ" እስከሚል ድረስ መስራት ከቻላችሁ ሪአክት ጀምሩ። ካልቻላችሁ ሪአክት ውስጥም ያው 45050 ነው የሚጠብቃችሁ፣ እንደውም ተደብቆ። የሪአክት መጽሐፍ ስትመርጡ ደግሞ ሁክስ የሚባለው አዲሱ አጻጻፍ የገባው 2019 መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከዛ በፊት የታተመ ከሆነ ሁሉን ክላስ በሚባለው በድሮው አጻጻፍ ነው የሚጽፈው፣ ተዉት። የራሱ የሪአክት ኦፊሻል ሳይት ይበቃችኋል።

ጊትን፣ የኮዳችሁን ለውጥ እየመዘገበ የሚይዘውን፣ ሰው መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። ጃቫስክሪፕት በጀመራችሁ በሁለተኛው ሳምንት አስገቡት፣ አምስት ትዕዛዝ ብቻ ይበቃል። አንዴ ሃርድ ዲስኬ ተበላሽቶ አራት ወር የሰራሁት ሄዷል። በዛ ላይ ጊትሃብ ላይ ካስቀመጣችሁት ጊትሃብ ፔጅስ በነጻ ኦንላይን ያወጣላችኋል፣ ሊንኩን ለሰው መላክ ትችላላችሁ፣ ያ ደግሞ ከሰርተፍኬት በላይ ነው ስራ የሚያመጣው።

ስልክ ብቻ ያላችሁ፣ ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስን አንድሮይድ ላይ ኤኮድ በሚባለው ኤዲተር መሄድ ይቻላል፣ ሰርቶ ያሳየኝ ልጅ አለ። ጃቫስክሪፕት ላይ ስትደርሱ ግን ስህተቱን የሚያሳየውን ኮንሶል በስልክ ስክሪን መከታተል ይከብዳልና የሰው ኮምፒውተር ላይ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳን ሰዓት ለምኑ።

ሰርቨር ጎን፣ ኖድ ወይስ ፒኤችፒ

ሰርቨር ጎን ማለት ደንበኛው የማያየው፣ ሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ የሚሄደው ኮድ ነው። ኖድ ጃቫስክሪፕትን እዛ የሚያስኬድ ስለሆነ አዲስ ቋንቋ አይጨምርባችሁም፣ ኤሎኩዌንት መጨረሻው አካባቢ አንድ ምዕራፍ አለው፣ ከዛ መጀመር ይቻላል። ለድርጅት መቀጠር፣ ወይ ከውጭ ስራ መፈለግ ካሰባችሁ ወደዚህ ሂዱ። እዚሁ ለሱቅ፣ ለሆቴል፣ ለክሊኒክ ልሰራ ነው ካላችሁ ግን ፒኤችፒ የሚባለውን ቋንቋና በሱ የተሰራውን ላራቬልን አልንቃቸውም፣ ርካሹ ሆስቲንግ (የሳይት ማስቀመጫ ኪራይ) ሁሉ ፒኤችፒ ነው የሚያስኬደው፣ ደንበኛው ደግሞ የሚጠይቃችሁ በወር ስንት እንደሚከፍል ነው፣ በምን እንደተሰራ አይደለም። እኔ እንጀራ የበላሁት በፒኤችፒ ነው።

የፒኤችፒ መጽሐፍ ላይ ግን የዓመቱ ነገር ጨዋታ አይደለም። የድሮዎቹ ከዳታቤዝ (ከመረጃ ማከማቻው) ጋር የሚገናኙት ማይኤስኪውኤል ኮኔክት በምትባል ፈንክሽን ነው፣ እሷ ደግሞ 2015 መጨረሻ ላይ ፒኤችፒ 7 ሲወጣ ጭራሽ ተነስታለች፣ ኮዱን እንደ መጽሐፉ አንድ ፊደል ሳትስቱ ብትጽፉትም ኤረር ነው የሚሰጣችሁ፣ እናንተ ደግሞ ጥፋቱ የናንተ እየመሰላችሁ ሌሊት ታድራላችሁ። ሰው መጽሐፍ ሲሰጣችሁ ዝም ብላችሁ የዳታቤዙን ምዕራፍ ግለጡ፣ አዲሶቹ መንገዶች፣ ፒዲኦ ወይ መጨረሻዋ ላይ "አይ" የተጨመረባት ማይኤስኪውኤልአይ፣ ካሉ ያዙት። እርቃኗን ማይኤስኪውኤል ኮኔክት ካያችሁ አመስግናችሁ መልሱለት።